በእናቴ ሰም የታሸጉ ሁለት ፖስታዎች

ትዝታ የሽማግሌ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያናግረኝ። ሰላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጸጉሬ አልሸበተም፣ ጥርሴም ሙሉ ነው። ግን ባለፈው ማክሰኞ ናሆም መኪናውን ሱቄ በር ላይ ገትሮ፣ ቡናማ ፖስታ በብብቱ ሸጉጦ፣ «ወንድሜ፣ ይቺን አሽግልኝ» ሲለኝ፣ የሰም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አስራ ምናምን ዓመት ወደኋላ ይዞኝ ነጎደ። ክብሪት እንኳን አልጫርኩም ነበር። ሽታው የመጣው ከናሆም ፊት ነው። አንዳንድ ሰው አለ፣ ገና ስታየው የሚሸትህ።

ሱቅ የምላት ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርድ፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው የሚገተሩት አሻንጉሊቶች ሲያልቁ የምታገኛት አንድ በር ናት። ኮፒ አደርጋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ የጨረታ ሰነድ አዘጋጃለሁ፣ አሽጋለሁ። ከአስረኛ ክፍል የቀረ ልጅ ይሄን ሁሉ ከየት ተማረው እያሉ የሚያሙኝ አሉ። ከመሸነፍ ነው የተማርኩት። የተሸነፈ ሰው እኮ መመሪያውን ከጻፈው ሰው በላይ ያነበዋል።

ያኔ ካርድ ይፋቅ ነበር። የአሁን ልጆች ካርድ መፋቅ አያውቁም፣ ስልካቸውን ነካ ነካ አድርገው ይሞላሉ፣ አለቀ። እኛ በሳንቲም ጫፍ፣ ሳንቲም ከጠፋ በጥፍር፣ ጥፍር ከሌለ በጥርስ ነበር የምንፍቀው። በጣም ከፋቅከው ቁጥሩ አብሮ ይላጣል፣ ከዛ ሰፈሩ ተሰብስቦ «ስድስት ናት»፣ «ኧረ ስምንት ናት» እያለ ይከራከርልሃል። ሚስኮል ራሱ ቋንቋ ነበር። አንዴ ጠርቶ ከጠፋ ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከጠራ ውጣ፣ ሦስቴ ከጠራ የሆነ ሰው ታሟል። ሲም ለማውጣት ጉርድ ፎቶና የመታወቂያ ኮፒ ይዘህ እስከ ፒያሳ ወርደህ ትሰለፋለህ። ታክሲው ገና በሳንቲም መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ነው፣ ረዳቱ መልሱን ካልሰጠህ ለአስር ሳንቲም ሙሉ መንገድ ትጨቃጨቃለህ። ልብሳችን ከላይ የጠበበ ቲሸርት፣ ከታች ወገብ ላይ አልቆም ያለ ጂንስ። ጫማ ነጭ ሸራ ነው፣ ሲቆሽሽ አጥበን ጠመኔ እንቀባዋለን። ዝናብ ከመጣ ጠመኔው ይወርድና ከቀጨኔ እስከ ሽሮ ሜዳ በየረገጥክበት ነጭ ኮቴ ትተህ ትሄዳለህ። የናሆም ሸራ ግን ዝናብም ላይ ነጭ ነበር። እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። አልጠየቅኩትምም፣ ብጠይቀው እነግርሃለሁ ብሎ እንዳይስቅ።

ከናሆም ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው፣ ቀጨኔ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እነሱ ቤት ሲስቁ እኛ ቤት ይሰማል። እኔ ካርድ አዟሪ ነበርኩ፣ ካርዱን እንደ ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ደርድሬ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ «ካርድ፣ ካርድ» ስል እውላለሁ። እሱ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ስልክ ይጠግናል። ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልክ፣ ልጅ የነከሰው ስልክ፣ ሁሉን ያስነሳል። ሴቶቹ ሳይቀሩ ደህና ስልካቸውን ይዘው ይመጡ ነበር፣ «ድምጹ ትንሽ ቀነሰብኝ» እያሉ። የኔን ድምጽ ግን ማንም አልሰማውም፣ ቀኑን ሙሉ እየጮህኩ።

እንግዲህ በዛ ሰሞን ነው ማስታወቂያው የተለጠፈው። መንግሥት ለየሰፈሩ አንድ አንድ የስልክ አገልግሎት ወኪል ፈቃድ ሊሰጥ ነው፣ ለተደራጁ ወጣቶች፣ በጨረታ። ሲም ማውጣት፣ ካርድ ማከፋፈል፣ ስልክ መጠገን፣ ከነኮንቴይነሩ፣ ከነቦታው፣ እዛው ታክሲ ተራው አፍ ላይ። ለኛ አካባቢ አንድ ፈቃድ ብቻ። አንድ። እኔ ከሁለት አዟሪዎች ጋር ተደራጀሁ፣ ናሆም ከሁለት ዘመዶቹ ጋር። ያን ሰሞን ስተኛም ስነሳም ኮንቴይነሩ ውስጥ ተቀምጬ ነው። መስኮት ይኖረኛል፣ ሰው ወደኔ ይመጣል፣ እኔ ወደ ሰው መሮጥ አቆማለሁ። በቃ፣ ከዛ ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ሰነዱ «በሰም በታሸገ ፖስታ» ይግባ ይላል። ሰም ደሞ በኛ ግቢ የሚጠፋ ነገር አይደለም። እናቴ ጧፍ ሠሪ ናት። ጥጡን ራሷ ትፈትላለች፣ ክሩን ታከራለች፣ የቀለጠ ሰም ውስጥ እያሳለፈች ትጎትትና ለቀጨኔ መድኃኔዓለም ምዕመን ትሸጣለች። ሌሎቹ ሻጮች ሻማ እያቀለጡ፣ ፓራፊን እየቀላቀሉ ያበዙታል። እሷ ንጹህ የማር ሰም ካልሆነ እጇን አታስገባም። የሷ ጧፍ አያጨስም፣ አይንጣጣም፣ ቄሱ ራሳቸው «የዘነቡን አምጡልኝ» ነው የሚሉት። ሰው በልጁ ይኮራል፣ እናቴ በሰሟ ነበር የምትኮራው። እንደኔ ያለ ልጅ ስላላት ይሆናል፣ አልፈርድባትም።

ሰነድ የምናስገባበት ቀን ጠዋት ናሆም ፖስታውን ይዞ መጣ። «እትዬ ዘነቡ፣ ትንሽ ሰም ይኖርዎታል?» አላት።

«ሰም የጠፋ ቀን እኔም የለሁም፣ ና ግባ» አለችው።

ሰሙን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። የኔንም ፖስታ የሱንም ፖስታ እኔው አንጠባጠብኩበት፣ እኔው በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አውራ ጣቴ ላይ ልጅ ሆኜ ቆርቆሮ የቆረጠኝ ጠባሳ አለ፣ በአግድም። ጠባሳው ሁለቱም ፖስታ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በአንድ ታክሲ ሄድን። ቢሮው ስንደርስ የሌሎቹን ተወዳዳሪዎች ፖስታ አየን። ቀይ ነው። እንደ ከንፈር ቀለም የሚያብረቀርቅ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚሸጥ ቀይ ሰም ነው ለካ የሚባለው። እኔና ናሆም ተያየን። የሚቀበለው ሰውዬ ፖስታችንን አሸተተና «ምንድነው ይሄ፣ ቅዳሴ አለ እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ሰውዬው ግን ተቀብሎ መዘገበን።

ውጤቱ ሲለጠፍ ናሆም አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። በሁለት ነጥብ። የጥገና ልምድ በሚለው ሳጥን ውስጥ። በጥርስ ብሩሽ ተበለጥኩ ማለት ነው። ናሆም ትከሻዬን ያዝ አደረገና «አይዞህ፣ አብረን እንሠራለን» አለኝ። የተሸነፍከውን ትረሳዋለህ፣ የያዘህን እጅ ግን አትረሳውም። ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እልል ትላለች። ለሱ። የኔ እናት፣ በኛ በር ላይ፣ ለናሆም። ስታየኝ «ያው ልጄ አይደል፣ አንድ ቤት ነን» አለች። አንድ ቤት አይደለንም። በመሃላችን ግድግዳ አለ፣ ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም ግድግዳ ነው።

ሳምንት አልሞላም፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት ጋሽ ታፈሰ ፊት ቁጭ አልኩ። ተበደልኩ፣ ተዘረፍኩ፣ ብዙ ለፈለፍኩ። ብዕራቸውን አስቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እንባውን ለእናትህ አድርገው» አሉኝ። «ለኔ ቀዳዳ አምጣ። የጎደለ ነገር የለም ሰነዱ ላይ?»

ያኔ ነው ፖስታው ትዝ ያለኝ። በደንበኛው ሰም እንዳልታሸገ፣ የጧፍ ሰም እንደሆነ ነገርኳቸው።

«የማን? የሱ?»

«የሱ።»

«ያንተስ?»

«የኔ ቀይ ነው» አልኩ።

እንዲህ ነው። አፌ ነው የተናገረው እንጂ እኔ አይደለሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ተረጋግቼ ነው የዋሸሁት። የተቀደደ ፖስታ ይጣላል ብዬ ነው። በኛ ቤት ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ፖስታው እሳት ማያያዣ ነው፣ መንግሥት ቤት ፖስታውን ራሱ ፋይል ውስጥ እንደሚያስር በምን ልወቅ? ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ሲጽፉ አጋነኑት። «ደረጃውን ያልጠበቀና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሰም» ብለው ጻፉ። አነበቡልኝ፣ ደስ አለኝ። ቃሉ ከብዶ፣ እንደ ሕግ እንደ ሕግ ሸተተኝ።

መጀመሪያ ለቢሮው ቅሬታ ሰሚ አስገባሁ፣ ውድቅ አሉት። ከዛ ፍርድ ቤት። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እስኪታይ ብሎ እግድ ሰጠ፣ ማለቴ ናሆም ፈቃዱም ኮንቴይነሩም እያለው እንዳይከፍት። ስለ እግድ ልንገራችሁ? ከማሸነፍ ይጣፍጣል። ኮንቴይነሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ተቆልፎ፣ በሩ ላይ ማህተም ያለው ወረቀት ተለጥፎ ቆመ። እኔ ከፊቱ ካርዴን ደርድሬ «ካርድ፣ ካርድ» እላለሁ፣ እየሳቅኩ። አልፎ አልፎ ጠጋ ብዬ ወረቀቱ እንዳልተነሳ አያለሁ፣ ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቴ ጠበቅ ጠበቅ አደርገዋለሁ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ቀለሙ መላጥ ጀመረ። ናሆም የጥገናውን በርጩማ ለዘመዱ ለቆ ነበር፣ ኮንቴይነር አለኝ ብሎ፣ አሁን በርጩማም ኮንቴይነርም የለው። ከዛ በላይ ግን ሸራ ጫማው መቆሸሽ ጀመረ። አየሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን እራት በላሁ፣ ደገምኩ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ናሆም ለክሱ በጽሑፍ መልስ ሲሰጥ «ፖስታዬ ታሽጎ ነው የገባው» ብቻ ነው ያለው። ማን እንዳሸገው አልጻፈም። አንድ መስመር ነበር የሚበቃው። «ያሸገልኝ ከሳሼ ራሱ ነው» ቢል አለቀልኝ። ለምን አላለም? ፈርቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ውሃ የሚቀዳ ሰው መስዬ አልፋለሁ፣ ባዶ እጄን።

የቀጠሮው ቀን እናቴ አብሬህ ካልሄድኩ አለች። ልጇ ተበድሎ ለመብቱ እንደሚከራከር ነው የምታውቀው፣ ዝርዝሩን አልነገርኳትም። በዓል የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ፣ ችሎቱ ውስጥ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች ቀጠን ያለች ሴትዮ ናት፣ ድምጿን አትጨምርም አትቀንስም። ከቢሮው ዋናው ፋይል ቀርቦ ነበር። ጸሐፊዋ ፈታችው። ያው፣ ፖስታዎቹ አሉ። አምስቱም። ሦስቱ ቀይ፣ ሁለቱ ቢጫ። ክፍሉ ውስጥ የመድኃኔዓለም ንግሥ የመጣ ይመስል የማር ሰም ሸተተ።  ጸሐፊዋ ማመልከቻዬን ማንበብ ጀመረች። «ደረጃውን ያልጠበቀና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሰም» የሚለው ጋ ስትደርስ ከኋላ አግዳሚው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። እናቴ ቆማለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔ እመቤት» አለች። «ያ ሰም የኔ ነው። ሽታውን አውቀዋለሁ። ምንም አልቀላቀልኩበትም።»

ፖሊሱ ሊያስቀምጣት ተጠጋ። ዳኛዋ በእጇ ከለከለችው። «እርስዎ ማን ነዎት?» አለቻት።

«ዘነቡ እባላለሁ፣ ጧፍ ሠሪ ነኝ። የከሳሹ እናት ነኝ። ፓራፊን የሚቀላቅሉ አሉ፣ በስም ልነግርዎት እችላለሁ፣ እኔ ግን ከእናቴ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን የለም። ከፈለጉ አሁን ያቃጥሉት። ካጨሰ እኔን እሰሩኝ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ሳትስቅ ሁለቱን ቢጫ ፖስታዎች አንስታ መብራቱ ጋ አስጠጋቻቸው። አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ። «ሁለቱም ላይ አንድ አይነት የጣት ምልክት አለ» አለች። ከዛ ወደ ናሆም ዞራ ማን እንዳሸገለት ጠየቀችው። ናሆም እናቴን አያት፣ እኔን አየኝ፣ «ሰፈር ውስጥ ነው ያሸግኩት» አለ።  ዳኛዋ ወደኔ ዞረች።

«አመልካች፣ ቀኝ አውራ ጣትህን አሳየኝ።»

አሳየሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ክሱ ውድቅ፣ እግዱ ተነሳ። ሐሰት በመጻፌ ዳኛዋ እስር ቤት ትልከኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እናትህን ይዘህ ሂድ» ብቻ አለችኝ። ከወንጀለኛ መቅጫው ሁሉ ያ ይከብዳል። በእግር ነው የተመለስነው፣ እናቴ ታክሲ አልገባም ስላለች። ዳገቱ ግማሽ ላይ ደረስን። ከዛ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ባዕድ ነገር ቀላቀለች ብለህ ጻፍክብኝ?»

«አንቺን አይደለም እማ፣ እሱን ነው።»

«ሰሙ የማን ነው ታዲያ?»

  በሳምንቱ ናሆም ኮንቴይነሩን ከፈተ። መጀመሪያ የገዛው ሰው ማን ይመስላችኋል? እናቴ ናት። ስልክ የሌላት ሴትዮ ባለ አምስት ብር ካርድ ገዝታ መጣች። ሳይፋቅ ግድግዳው ላይ፣ ከስዕለ ማርያም ሥር ሰክታ አኖረችው። ናሆምን ለምን ዝም እንዳለ ኋላ ላይ ጠይቃው «እርስዎን ችሎት እንዳያቆሙብኝ ብዬ ነው» ማለቱን የነገረችኝም እሷው ናት። ይሄን ደግሞ እንዴት ልሸከመው? ጫማው ነጭ፣ እጁ ብልህ፣ ውጤቱ አንደኛ፣ ይሁን። ደግነትን እንኳን ለኔ መተው ምን ነበረበት?

ታዲያ ይሄ ሁሉ ነው ማክሰኞ ዕለት ፊቱን ሳይ የሸተተኝ። አሁን የሚወዳደረው ለአንድ ታክሲ ተራ አይደለም፣ ለከተማው ሰሜን በሙሉ ነው። ፈቃዱን ካገኘ እዚህ አካባቢ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በሱ እጅ ነው የሚያልፈው። ከኔ ሱቅ በላይ ስድስት ጽሕፈት ቤት አለ፣ እሱ ግን እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ስልክ ሊያወራ ወጣ። ካልፈተሽኩ አላሽግም፣ ልማዴ ነው። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ማህተም የለም። ለአንድ ማህተም የወደቁ ድርጅቶች በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም፣ ያነሱትና ያስቀምጡታል። ከኋላ ክፍል እናቴ አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ክሩን አሁን በእጇ ዳበሳ ነው የምታከረው።

«ናሆሜ ነው?» አለች፣ ድምጹን ሰምታ።

«እሱ ነው።»

«ንጹሁን አድርግለት» አለችና ወደ ክሯ ተመለሰች።

ቀዩን ሰም አነሳሁ። ክብሪት ጫርኩ። ዝም ብል ማመልከቻ አያስፈልግ፣ ጋሽ ታፈሰ አያስፈልጉ፣ ፋይል የለ፣ አሻራ የለ። ለአስራ ምናምን ዓመት የፈለግኩት ነገር በአንድ ዝምታ ይሆናል። ክብሪቱ ጣቴ ድረስ ነደደ። ከዛ ንዴት መጣብኝ። እኔ በክስ፣ በእግድ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያልጣልኩትን ሰው አንዲት የተረሳች ወረቀት ልትጥለው?

«አንተ ደንቆሮ፣ ና ወዲህ» ብዬ ጮህኩ። «ዘጠነኛው ገጽ ላይ ማህተም የለም።»

ስልኩን ሳይዘጋ ገባ። ገጹን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ማህተሙን ከቦርሳው አውጥቶ መታው። «ብትተወው ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ብተወው ማን ላይ ልቀና ነው?» አልኩት።

እሱ ሳቀ፣ በዛ ሙሉ ጥርሱ። እኔ አልሳቅኩም፣ የምሬን ነው። ሰሙን አንጠባጠብኩና ሳይደርቅ አውራ ጣቴን ጫንኩበት። አቃጠለኝ፣ አላነሳሁም። ፖስታውን ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ጫማውን አየሁት። ነጭ ነው። ጨረታው የሚከፈተው የፊታችን ዓርብ ነው። ቢሸነፍ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ካሸነፈ ግን እናቴ ዳበስ ዳበስ እያለች ወደ በሩ ትወጣና እልል ትላለች። ዘንድሮ እግሯ ስለደከመ፣ ክንዷን ይዤ የማቆማት እኔው ነኝ።